የአስናቀ ጊደር

ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ጠዋት

ፈትሉ ዛሬ ካላለቀ ሸማኔው ሰይድ ሥራውን ለሌላ ሴት ይሰጠዋል። ጥጡ ፍሬው በደንብ አልወጣለትም። ጣቴ ደርቋል፤ እንዝርቱ ይንሸራተትብኛል።

ጥሩዬ ከገበያ ገባች። ጎረቤቴ ናት፤ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ደግ ነው። አያሌው ከብት እየነዳ ወደ ጣሊያን ምሽግ ሲወጣ አየሁት አለች። አያሌው የቀድሞ ባሌ ነው። ለጣሊያን ሥጋ ማቅረብ ከጀመረ ከርሟል፤ አዲስ ወሬ አይደለም። እኔ የጠየቅኋት የከብቶቹን መልክ ነው። ሳቀችብኝ። ሌላዋ የባሏን ወዝ ትጠይቃለች፣ አንቺ የላም መልክ ትጠይቂኛለሽ አለች። አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳልቻ፣ ሁለቱ ጥቁር። ቀይስ? ቀይ የለም። ባለፈውም አላየሁም፣ ከዚያ በፊትም አለች።

ደብተሬ፣ ይህ ነገር ከራሴ አልወጣ አለኝ። ቀይ ለምን የለም?

ማታ። ላስረዳህ። ልጄ አስናቀ ክርስትና ሲነሣ ክርስትና አባቱ አቶ ካሴ ቀይ ጊደር ሰጡት። እኔና አያሌው ስንፋታ ልጁ ገና ድክ ድክ ይላል። እኔ ከአማቴ ጋር መኖር አቃተኝ፣ እሱ ንግድ ወደደ፤ ሌላ ጠብ አልነበረም። ሽማግሌ ተቀመጠ። እንደ ባህሉ እሱ ከፈለ፣ እኔ መረጥኩ። ከብቱ፣ እህሉ፣ ማሰሮው ሳይቀር። ጊደሯ ግን አልተከፈለችም፤ የልጁ ናት ተባለ። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ አባቱ ሄደ። ጊደሯም እዚያው ቀረች። ወለደች፣ የልጆቿም ልጆች ወለዱ። እኔ ጠይቄ አላውቅም። ልጁ ካለ ምን እጠይቃለሁ።

አሁን ልጁ የለም። በሐምሌ ሞተ። ዱር ገብቶ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አርባውን በትንሽ ዳቦና በአንድ ጋን ጠላ አወጣሁት። ሙት ዓመቱ ግን እንደዚያ አይሆንም። ለአንድ ልጄ ሰንጋ ሳይታረድ፣ ድኻ ሳይበላ አይቀርም። በፈትል ሰንጋ አይገዛም። የልጄ ከብት አለ፤ ለልጄ ተዝካር ቢውል ምን ነውር አለው?

ጥቅምት ፲፪፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ዓለሙን ቤ/ክ ደጅ ጠብቄ ያዝኳቸው። ከአባቴ ጋር ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ እኔንም ዳዊት ያስጨረሱኝ አባቴና እሳቸው ናቸው። አልፈራቸውም።

ከተፋቱ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሴት ባሏን ንብረት መጠየቅ ትችላለች ወይ አልኳቸው። ሳቁ። «የአንቺማ ፍቺ ጥርስ አብቅሎ፣ ጥርሱም ወልቆ አለቀ እኮ» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆየሁ፤ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

ኋላ ግን ቁም ነገር ተናገሩ። በፍቺ የተከፈለው ተዘግቷል፣ አይነካም። ጊደሯ ግን አልተከፈለችም፤ ስለዚህ ነገሩ የፍቺ ሳይሆን የውርስ ነው። ሚስትም ልጅም ሳይኖረው የሞተ ሰው ሀብቱ ለአባትና ለእናቱ እኩል ነው አሉ። ይህን መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው። እናት ልጇን ትወርሳለች። ቃሉ ተገለባብጦ የተሠራ ይመስላል።

ተዝካሩን ግን ፈራሁ አልኳቸው። ጣሊያን የማን ተዝካር ነው ብሎ ቢጠይቅስ? ዱር የገባ ሰው መሆኑ ቢታወቅስ? መምሬ ዘወር ብለው አዩና ዝቅ ብለው ተናገሩ፦ ቤተ ክርስቲያን አስናቀ የሚባል ሰው አታውቅም፤ የምታውቀው ገብረ ኪዳንን ነው። ፍትሐቱም ጸሎቱም በክርስትና ስሙ ነው። ስሙን የምናውቀው እኔ፣ አንቺ፣ አባቱና ካሴ ነን፤ ጮክ ብዬ ብጠራውም ማንም አያውቅብሽም አሉ።

ቀለል አለኝ። እንግዲህ የቀረኝ ከብቱ ነው።

ጥቅምት ፲፭

ወደ ምሽጉ ወጣሁ። ጥሩዬ አበድሽ አለችኝ። እኔ ግን ማወቅ ፈለግሁ። የነሱ ዳኝነት እንዴት ያለ ነው? ሴት ብቻዋን ቀርባ ትናገራለች ይላሉ።

ከበሩ ወዲህ መኪና ቆማ አንድ ልጅ እግር ጎማዋን ፈትቶ ይጠግናል። ውስጡ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ነፋስ ነው አለኝ። ያን ሁሉ የእህል ጆንያ የሚሸከመው ነፋስ ነው? አዎ አለኝ። ደጋግሜ ዳሰስኩት። አስናቀ ቢሰማ ስንት ጥያቄ ይጠይቅ ነበር።

አስተርጓሚው የትግርኛ ቅላጼ ያለው፣ ጫማው የጠራ ሰው ነው። የከብት ክርክር መሆኑን ስነግረው ቶሎ ገባው። የሚከሰሰው ሰው ስም ማን ነው አለኝ። ነገርኩት። አወቀው፤ በየሳምንቱ ያየዋል። ከዚያ ልጁ የት ነው አለኝ።

ይህን ሳላስብ መጥቻለሁ። ሞቷል ካልኩ፣ የት? በምን? ማን ገደለው? ሽፍታ ከተባለ ከብቱ ሁሉ ለመንግሥት ይገባል። አልሞተም ካልኩ ደግሞ ምን ልጠይቅ መጣሁ?

ሰውየው ፊቴን አየ፤ ነጠላዬን አየ፣ ዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ይህን ነገር እዚህ አላመጡትም። እኔም አልሰማሁም። ለሽማግሌ ይንገሩ» አለኝ። በአንቱታ ነው የነገረኝ። ሳልመርቀው ወጣሁ፤ ደንግጬ ነው። የማን ልጅ ይሆን?

ጥቅምት ፳፩፣ ማርያም

ከአስናቀ ከብት ድርሻዬን ይስጠኝ ብዬ አያሌው ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በፍቺያችን ጊዜም የነበሩ። ዛሬ መልሱን ይዘው መጡ። በደንብ ተቀብሏቸዋል፣ ጠላ አቅርቧል። ቀዮቹን ከብቶች አልካደም። ይፋግ ያለ አንድ ሰው ዘንድ ለርቢ ሰጥቻቸዋለሁ አለ አሉ። ታዲያስ? ታዲያማ፣ «የልጄን ከብት ልጄ ሲመጣ ይረከበኛል። ሰው በቁሙ አይወረስም» አለ።

ሰው በቁሙ!

ሽማግሌዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩና ተነሡ። ቀጠሮ ግን ይዘውልኛል፤ ኅዳር ፲፫፣ ከሚካኤል ማግስት፣ ከወይራው ሥር።

በንዴት ፈትሉን በጠስኩት። ብልጠቱን አየህ? ልጁን ሕያው አድርጎ ከብቱን ይበላል። እኔ እንዳልናገር ያውቃል፤ ጣሊያንን እንደምፈራ ያውቃል። ጥሩዬም ድሮስ ነጋዴ አይደል፣ የሞተውንም ይሸጣል አለች። ተስማማሁ። ሁለታችን አብረን ረገምነው፤ ደስ ይላል አብሮ መራገም።

በማግስቱ

አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ከብቱን የሚበላ ሰው ከሆነ ለምን አይበላም? ሥጋ አቅራቢ ነው። ምሽጉ በየሳምንቱ ከብት ይፈልጋል። ጥቁሩን ገዝቶ ይነዳል፣ ቦራውን ገዝቶ ይነዳል፤ የገዛ ቤቱን ቀዮች ግን አይነካም። አንድም አልነዳ። እንዲያውም እስከ ይፋግ ወስዶ ከሰው ዓይን አራቃቸው።

ይህ የሌባ ሥራ ነው? እንጃ።

ጥቅምት ፴፣ ጋሳይ

ምስክር ፍለጋ ወደ አቶ ካሴ መጣሁ። ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተጠግቼ ነው የተጓዝኩት። ገብሱ አጎንብሷል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጉልበቴ አብጧል፤ ይህን የምጽፈው ተኝቼ ነው።

አቶ ካሴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ጊደሯን እንደ ትናንት ያስታውሳሉ። ግንባሯ ላይ ሽክርክሪት ነበራት፣ ገፊ ነበረች፣ እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ አጥር ላይ ሰቅላኛለች አሉ። ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው፣ ታዲያ ለዚያ አይደል ለሰው የሰጧት አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

እመሰክርልሻለሁ አሉኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ። አያሌው በመስከረም እዚህ መጥቶ ነበር። በመስከረም! ልጁ ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ጨው ሊገዛ ነው የመጣው። ለቀዮቹ ነው፣ አስናቀ ሲመለስ ወፍረው ይጠብቁት፤ እድረዋለሁ፣ ሚስትም አይቼለታለሁ አለ። አቶ ካሴ ደንግጠው ወሬ ቀየሩ። ሐዘን አእምሮውን ነካው ብለው አሰቡ።

ከዚያ ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ መርዶውን ማን ነገረው?»

አላውቅም አልኳቸው። እውነት አላውቅም። ዘመዶቹ ይሆናሉ አልኩ።

እሳቸውም እሳቱን ቆሰቆሱ።

ኅዳር ፭፣ ደ/ታቦር

ከተመለስኩ ጀምሮ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን ነገረው?

ለእኔ እንደ ወጉ ነበር። የልጄ ጓደኛ ማተቡን ለመምሬ አስረክቦ ሄደ። መምሬም ጎህ ሲቀድ ጥሩዬንና ሁለት ሴቶችን አስከትለው መጡ። በሩን ሲቆረቁሩ ነው ያወቅሁት። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ሌላ ምን ይዞ ይመጣል። ያዙኝ፣ ነገሩኝ፣ አብረውኝ ጮኹ። ከዚያ በፊት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶ ኖሯል፤ አንዱም ግን አልተነፈሰልኝም። ወጉ ነው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በአደባባይ አይወረወርም። ነጋሪው እስኪመጣ ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል።

መምሬን ጠየቅኋቸው። ለአባቱ ወንድሙ ይነግረዋል ብዬ ለወንድሙ ላክሁበት አሉ። ወንድሙ የት አለ? መንገድ ሥራ ተወስዶ ወደ ጎንደር ሄዷል። መቼ? ያን ጊዜ፣ በሐምሌ። መልእክቱ ደርሶት ነበር? መምሬ ራሳቸውን ያዙ።

የአያሌውን የእኅት ልጅ ገበያ ላይ አገኘኋት። እኛማ ከእናቱ ወገን ተነግሯል ብለን ነው አለች። ደግሞም ከምሽጉ ሲወጣ ሲገባ የሚውል ሰው ነው፤ የዱር ነገር በፊቱ ማን ያነሣል አለች። ፈርተውታል። ሰላምታ እንኳ አሳጥረውበታል። እሱ ግን በሥጋው ንግድ ምክንያት ይመስለዋል። ሰው ጠላኝ ይላል አሉ።

ጥሩዬን ጠየቅኋት። ጥሩዬ ዝም ስትል ይኸው ዛሬ አየሁ።

እኔስ? እኔ አልላክሁበትም። ከብት እየነዳ ወደ ምሽጉ ሲወጣ በየሳምንቱ እየሰማሁ እንዴት አያለቅስም፣ እንዴት ራሱን አይላጭም እያልኩ ስቆጣ ነው የከረምኩት።

ግን እኮ ሊሆን ይችላል? ከሐምሌ እስከ ኅዳር አንድ ሰው ሳያውቅ? ወይስ ያውቃል፣ ነጋሪ ስላልመጣ አላውቅም ብሎ ተቀምጧል? አላውቅም። በዓይኔ ማየት አለብኝ።

ኅዳር ፲፫፣ ከሰዓት በኋላ

ከወይራው ሥር ነበርን። ፊደሉ ቢጣመም ታገሠኝ።

አያሌው ቀድሞ መጥቷል። ወፍሯል፣ ጺሙ ሸብቷል። ካፖርት ለብሷል፣ ከጣሊያን የተገዛ ይመስላል፣ እጅጌው ረዝሞበት አጥፎታል። እኔን ሲያይ ተነሣ። እንዲህ ሲያደርግ አላስታውስም።

አቶ ካሴ መሰከሩ። ጊደሯን ለልጁ ሰጠሁ፣ በፍቺ አልተከፈለችም አሉ። አያሌው እውነት ነው አለ። ሽማግሌው ከብቶቹ አሁን ምን ያህል ናቸው አሉ። ሳይደብቅ ተናገረ፤ ላሞቹን፣ ወይፈኖቹን፣ በክረምት የሞተችውን አንዷን ሳይቀር። የሷን ቆዳ እንኳ አስቀምጬለታለሁ አለ። ለማን? ለአስናቀ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። አንቺ የምትጠይቂው በምን መብት ነው፣ ተናገሪ አሉኝ። ሁሉም ያውቃሉ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ያውቃሉ፣ አቶ ካሴ ያውቃሉ። እንድናገረው የሚጠብቁት እኔን ነው። ሞቷልና ልውረስ የምትለዋ እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ብናገረው ድርሻዬ በእጄ ነበር።

ተነሣሁ። ስነሣ ሻሼ ወደ ኋላ ሸሸ። ጠጉሬ ገና አጭር ነው፤ ከተላጨሁ ወዲህ በደንብ አላደገም።

አያሌው አየው። ከዚያ ጥቁር ቀሚሴን አየ።

«ውባለም» አለኝ፣ «ምነው? ማን ሞተብሽ?»

አቶ ካሴ ምርኩዛቸውን አዩ። አንዱ ሽማግሌ ሳል መጣባቸው። እኔ ፊቱን አየሁ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት። ተንኮል ፈለግሁ፤ በትዳራችን ዘመን ሲዋሽ የግራ ዓይኑን ያጠብባል። አላጠበበም። ሁለቱም ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር። እንደሚፈራ ሰው ግን ነው የሚያዩኝ። መልሱን እየጠየቀኝ እንዳልመልስለትም የሚለምነኝ ይመስላል።

ዘመድ ነው አልኩት። ነፍስ ይማር አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ዛሬ የምለው የለኝም አልኳቸው። ቀጠሮው ይደር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጡ ነበር። አልተቆጡም።

ጥሩዬ እቤት ስንደርስ፣ አንቺ ሴት ሰንጋሽን ጥለሽው መጣሽ እኮ አለች። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ነገሩ ገርሞኛል። ልጄ በሐምሌ ሞተ እላለሁ። ለአባቱ ግን ዛሬ ጠዋት በሕይወት ነበረ፤ ከብት ይወፍርለታል፣ ሚስት ይታይለታል፣ ቆዳ ይቀመጥለታል። አገር ሁሉ የቀበረውን ልጅ አንድ ሰው ብቻውን ሲያኖረው ከረመ። ቀናሁበት። ይህን ለሰው አልነግርም።

ኅዳር ፲፬፣ ወደ ማታ

ወስኛለሁ።

መምሬ መጥተው ነበር። አፍረዋል። እኔ እነግረዋለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። አቶ ካሴም እዚሁ መምሬ ቤት አድረው ነው ያሉት፣ አልሄዱም። ሁለቱ ሆነው ነገ ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ። የእኅቱ ልጅ ጎረቤቶቹን ትጠራለች፤ ብቻውን መሬት ላይ እንዳይወድቅ ሰው በዙሪያው ያስፈልጋል።

እኔም እሄዳለሁ አልኳቸው። እናት መርዶ አትነግርም፣ አልተደረገም አሉ። አልተደረገም፤ አውቃለሁ። የተፋታችና የከሰሰችም መርዶ ነግራ አታውቅም። ግን ሌላ ሰው ቢነግረው ማመን እምቢ ይላል ብዬ እፈራለሁ፤ ነጋዴ ነው፣ ይከራከራቸዋል፣ ማን አየ ይላቸዋል። ከኔ ጋር አይከራከርም። ማተቡን እሰጠዋለሁ። እስከ ዛሬ አንገቴ ላይ ነው። ግማሹን ልስጠው ብዬ አስቤ ነበር፤ ክር ተቆርጦ ምን ይሆናል። ሙሉውን ይውሰድ።

ከብቱን አልተውኩም። ይህን እዚህ ልጻፍ፣ ኋላ ደግ ነበርኩ ብዬ ራሴን እንዳላታልል። ድርሻዬ ነው፤ እጠይቃለሁ። ግን አልቅሶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ አርባውን አውጥቶ። ከዚያ ከወይራው ሥር እንገናኝና እሱ ይክፈል፣ እኔ ልምረጥ። ወይም ሁሉንም ላንድ ተዝካር እናውለው ይል ይሆናል። ምን እንደሚል አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥሩዬ እዚህ ታድራለች። ጋቢዬን አጥባ ሰጥታኛለች፣ ገና እርጥብ ነው።

አሁን የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። በሩን ስንቆረቁር ማን ነው ይላል። ምን ብዬ እመልሳለሁ? በትዳራችን ጊዜ ስሙን ጠርቼ አላውቅም፣ አንቱ ነበር የምለው። ከተፋታን ወዲህ በምንም አልጠራሁትም። አያሌው ብዬ ብጠራው እንግዳ እሆንበታለሁ። ውባለም ነኝ ብል ለከብቱ የመጣሁ ይመስለዋል።

የአስናቀ አባት፣ እለዋለሁ። የአስናቀ አባት፣ ይክፈቱልኝ። በዚያ ሰዓት፣ በኔ ድምፅ። ከዚያ በሩን እስኪከፍት ድረስ አስናቀ ለአባቱ በሕይወት አለ።